የሙላው መቅመቆ

አሜሪካ፣ ኖርክሮስ ከተማ ውስጥ መኪናው ኳ ኳ ያለበት ሐበሻ መካኒክ ቤት ከመሄዱ በፊት ሙላው ጋ ይደውላል። ሆዱን የነፋው ይደውላል፣ የዜግነት ፎርም ያደናገረው ይደውላል፣ ልጇ አልተኛ ያላት አራስም ትደውላለች። ሙላው ስልኩን ያነሳል፣ ጉሮሮውን ጠረግ ያደርጋል፣ መልስ ይሰጣል። አንዳንዱን ያውቀዋል፤ አንዳንዱን ደግሞ እየተናገረ ሳለ ያውቀዋል። እውነቱን ለመናገር አብዛኛውን ጊዜ ይሳካለታል። ጉድ የሠራውም ይኼው መሳካቱ ነው።

ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። ዲቪ ደርሶት ከመጣ ሃያ ዓመት ሆነው፤ ሃያውንም ዓመት የሠራው አንድ ሥራ ነው። ኤርፖርት አጠገብ ካለ የመኪና ማቆሚያ መንገደኛ በሻትል እየጫነ ተርሚናል ያደርሳል፣ ከተርሚናል ይመልሳል። ያንኑ ክብ መንገድ በቀን ሠላሳ ጊዜ ይዞረዋል። ሻንጣ የሚያነሳላቸው ሰዎች ስሙን አያውቁም፤ የሚጠይቁት ነገር ቢኖር ስንት ደቂቃ ይፈጃል የሚል ነው። ሐበሻው መሀል ሲገባ ግን ሰው ይሆናል። «እስቲ ሙላውን ጠይቁት» ሲባል መስማት ከደሞዙ ይበልጥበት ነበር ብል አላጋነንኩም። ይቺን ስም ከሚያጣ አንድ እጁን ቢያጣ ይመርጣል።

ዕውቀቱ ከየት መጣ ያላችሁኝ እንደሆነ ከእናቱ ነው። ቡሬ ገበያ ላይ ቅመም ትሸጥ ነበር፤ እሱ ከኮረሪማው፣ ከኮሰረቱና ከመቅመቆው መሀል ነው ያደገው። መቅመቆ ያ ሲሰብሩት ውስጡ ብርቱካንማ የሆነ ሥር ነው። ሴቶቹ ቅቤ ሲያነጥሩ መልክ እንዲሰጥላቸው ጣል ያደርጉታል፤ ደም ግፊት ያለበት ደግሞ አፍልቶ ይጠጣዋል። ሙላው ሥሩን ዳሰስ አድርጎ የዘንድሮውን ከአምናው ይለይ ነበር። ተክሉን ግን በሕይወቱ አንድ ቀን አይቶት አያውቅም። ከገጠር ይመጣ የነበረው ተነቅሎ፣ ታጥቦ፣ በጆንያ ታስሮ ነው።

አለማየሁ የሚባል ወዳጅ አለው። ያኔ እንደመጡ ቻምብሊ፣ ቡፎርድ ሀይዌይ ዳር በተከራዩአት ክፍል ውስጥ ስምንት ወር አንድ ፍራሽ ላይ ተኝተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ወንድምም እንዲህ አይዋደድ። አለማየሁ አሁን ሚስቱ ሞታበት፣ ከሆቴል ኩሽና ጡረታ ወጥቶ፣ ማሪዬታ ከልጁ ከሊዲያ ጋር ይኖራል። ሊዲያ በስድስት ዓመቷ መጥታ እዚሁ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ኢንሹራንስ ቢሮ የምትሠራ ልጅ ናት። አባቷን ደም ግፊት ሲይዘው ኪኒኑን የሰኞ፣ የማክሰኞ እያለች በትንሽ ሣጥን ከፋፍላ የምታስቀምጥለት እሷ ናት። ኪኒኑ ያስለዋል፤ ሳሉ ደግሞ እንቅልፍ ይነሣዋል። ሐኪሙ በእግርህ ሂድ ስላለው ሙላው ቅዳሜ ቅዳሜ ይወስደዋል። ከማሪዬታ አንድ ሰዓት ወደ ሰሜን ነድተው፣ ተራራው ሥር ካለ ጫካ ዳር ፓርክ ያደርጉና እስከ ቀትር ድረስ ይራመዳሉ።

ጫካው በየካቲት ማለቂያ የሞተ ይመስላል። ዛፉ ሁሉ ራቁቱን ቆሟል፤ መሬቱ የአምናውን ቅጠል ለብሷል፤ ከራስ ኮቴ በቀር የሚሰማ ድምፅ የለም። እንግዲህ አበቦቹ የሚወጡት ያኔ ነው። ዛፎቹ ቅጠል አውጥተው ፀሐዩን ሳይዘጉባቸው በፊት ቸኩለው ያብባሉ፣ ቸኩለው ይረግፋሉ፤ ብዙዎቹ ሳምንት አይሞላቸውም። አንገታቸውን የደፉ ቢጫዎች አሉ። ሦስት ቅጠል ብቻ ያላቸው፣ አበባቸው የረጋ ደም የሚመስል አሉ፤ ጎንበስ ብላችሁ ካሸተታችኋቸው የበሰበሰ ሥጋ ይሸታሉ። ሙላው በነዚህ አበቦች ልቡ ይጠፋል። አለማየሁ ግን አይወዳቸውም። እንዲህ ባዶ ጫካ ውስጥ ማንም ሳያያቸው ብቅ ብለው የሚጠፉ ነገሮች ደስ አይሉኝም እያለ፣ ከመንገዱ ወጣ ሳይል እጁን ኪሱ ከትቶ ይጠብቀዋል።

በሁዳዴ ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ነው ነጯን ያገኟት። ነጭ፣ ንጹሕ፣ አንዲት ቅጠል እንደ ጋቢ ተከናንባ የወጣች አበባ። አንድ ሁለት አይደለችም፤ ቁልቁለቱን ሞልታዋለች። ሙላው ተንበረከከ፣ በመኪናው ቁልፍ መሬቱን ጫር ጫር አደረገና አንዷን ከነሥሯ ሳብ ሲያደርጋት ሥሩ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ብርቱካንማ የሆነ ቀይ ውሃ በጣቶቹ መሀል ወረደ።

አለማየሁ ወደ ኋላ ሸሸት አለ። ደም ነው እንዴ ብሎ ጠየቀ።

«ደም ያንተ ዓይን!» አለ ሙላው እየሳቀ። «መቅመቆ ነው። የናቴ መቅመቆ እዚህ ድረስ ተከትሎኝ መጥቶ ነዋ።»

አለማየሁ፣ መቅመቆ እንዲህ ያለ አበባ አለው ወይ አለው። ተገቢ ጥያቄ ነበር። ሙላው ልቡ ውስጥ የሆነ ነገር ቆም እንዳለ ኋላ ራሱ ተናግሯል። ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ለጥያቄ መልስ የሰጠ አፍ ባለቤቱን አይጠብቅም። ታዲያስ፣ ነጭ ነው እንጂ ምን ሊሆን ኖሯል አለ። አለማየሁም አመነ። እሱ ካላመነ ማን ሊያምን ነው?

ሙላው የኮቱን ሁለት ኪስ ሥር ሞልቶ ተመለሰ፤ ማታ ኖርክሮስ እቤቱ ገብቶ ሥሩን አጠበ፣ ከተፈ፣ ምድጃ ውስጥ በቀስታ አደረቀ፣ በቡና መፍጫ ፈጨ። ጣቱ ሦስት ቀን ብርቱካንማ እንደሆነ ቆየ። ከዱቄቱ ጫፉን ቀመስ ቢያደርገው ምላሱን አቃጠለው። የናቱ መቅመቆ ይመር ነበር እንጂ አያቃጥልም። ያም ቢሆን መላ አላጣም፤ የአሜሪካ አፈር ያልተነካ፣ ኃይለኛ አፈር ስለሆነ ነው ሲል ለራሱ አስረዳ። እሱ ራሱ አልጠጣውም፤ ግፊት የለብኝማ ብሎ። በጠርሙስ አድርጎ ለአለማየሁ ሰጠው፤ በጠዋት በባዶ ሆድ፣ አንድ ማንኪያ በሙቅ ውሃ። ኪኒኑንም ተወው፣ ሁለት መድኃኒት ባንድ ሆድ አይሆንም አለው። ይቺን የተናገረው ሙላው ነው፣ ሌላ ማንም አይደለም። አለማየሁ ሊዲያ እንዳታውቅ ብሎ፣ የየቀኑን ኪኒን ከሣጥኑ እያወጣ ሽንት ቤት ይደፋው ጀመር። ሣጥኑ በየቀኑ ሲጎድል የምታይ ልጅ ምን ልትጠረጥር ነው?

በሳምንቱ አለማየሁ ፋርማሲ ውስጥ ባለችው የነጻ መለኪያ ላይ ክንዱን አስገባ። ግፊቱ ወርዷል። ሳሉም ጠፍቷል፤ ኪኒኑን የተወ ሰው ሳሉ ቢጠፋ ምን ይገርማል፣ ግን ማን አስቦት። ስልክ ደውሎ ሙላውን መረቀው፤ ሙላው በዚያ ቀን ሻትሉን ሲነዳ ያፏጭ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አለማየሁ ያስመልሰው ጀመር። ጠዋት ይጠጣል፣ ረፋድ ላይ ያስመልሳል፣ ከዚያ ዓይኑ ይጨልማል። ሙላው ጋ ደወለ።

እዚህ ላይ ነው እኛ ብቻ የምንሠራው ስሕተት ያለው። ሌላ አገር የተወለደ ሰው መድኃኒት ጠጥቶ ካስመለሰው መድኃኒቱን ይጥላል። እኛ ግን ኮሶ ጠጥተን ያደግን ሰዎች ነን። መድኃኒት የሚባለው የሚያንገሸግሽ፣ የሚያስመልስ፣ አልጋ ላይ የሚያውል ነገር ነው፤ ካላሰቃየን ሠራ አንልም። ሙላውም ያለው ይኼንኑ ነው። እያጠበህ ነው፣ ከሆድህ ያለው ክፉ ነገር እየወጣ ነው፣ አሁን ብታቋርጠው ነው የሚጎዳህ፤ እንዲያውም ማንኪያዋን ሞላ አድርጋት አለው። አለማየሁ እሺ አለ። ሌላ ጠርሙስም ጠየቀ፤ ከበፊቱ ተለቅ ያለ ይሁን አለ። ሙላው ተለቅ ያለው ለምን እንደሆነ አልጠየቀም፤ ወዳጄ መድኃኒቴን ወደደልኝ ብሎ ደረቱን ነፍቶ፣ ትልቅ ጠርሙስ ሞልቶ ሰጠው።

በአምስተኛው ቅዳሜ አለማየሁ ደክሞኛል ብሎ ቀረ። ሙላው ብቻውን ሄደ፤ መቆፈሪያና የፕላስቲክ ከረጢት ይዞ። ነጮቹ አበቦች ረግፈው አልቀዋል፤ የቀሩት ቅጠሎቹ ብቻ ናቸው፤ የተዘረጋ መዳፍ መስለው ቁልቁለቱን ሸፍነውታል። ሰማዩ ዳምኗል። ሙላው ብዙ ጊዜ የማይሰማው ፍርሃት ተሰማው፤ ከኋላዬ ሰው አለ ብሎ ሁለት ጊዜ ዞረ። በሦስተኛው እውነትም ሰው ነበረ። የጫካው ጠባቂ፣ ዩኒፎርም የለበሰች፣ በዕድሜ ጠና ያለች ሴትዮ ናት።

እዚህ መቆፈር ክልክል ነው አለችው፤ አልተቆጣችም። ከረጢቱን አየችና፣ ይኼን ለምን ነው የምትፈልገው ብላ ጠየቀች። ለሻይ አላት። ያኔ ፊቷ ተለወጠ። ስሙ ብለድሩት እንደሚባል፣ ያ ቀይ ውሃ ቆዳ ላይ ቢያስቀምጡት ሥጋ እንደሚያቆስል፣ የጠጡት እንደሆነ ደግሞ አስመልሶ፣ የልብ ምት አዘግይቶ ሊገድል እንደሚችል ነገረችው። ጠጥተሃል ወይ አለችው። ሙላው አልጠጣሁም አለ። እውነቱን ነው፣ አልጠጣም። ሌላ ሰውስ ብላ ጠየቀች። ማንም አልጠጣም አላት።

ለምን እንዲያ እንዳለ እሱም አያውቀውም። ከረጢቱን አራግፎ ወደ መኪናው ሲመለስ፣ ይቺ ሴትዮ ስለ መቅመቆ ምን ታውቃለች እያለ ለራሱ ይከራከር ነበር። መኪናው ውስጥ ገብቶ ቁልፉን ሳያዞር ስልኩ ጠራ። ሊዲያ ናት። አባቷ መታጠቢያ ቤት ወድቆ አግኝታው፣ በአምቡላንስ ሆስፒታል ገብቷል።

ሆስፒታል ሲደርስ ሊዲያ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች፣ የአባቷን የኪኒን ሣጥን በእጇ ይዛለች። ኪኒኖቹ በሥርዓት ጎድለዋል። ለሐኪሞቹ አሳይታቸዋለች፣ እነሱም ኪኒኑን ሲወስድ እንደከረመ አድርገው እያከሙት ነው።

«ጋሽ ሙላው፣ ፕሊስ» አለችው። «ሌላ የወሰደው ነገር አለ? ላይክ፣ ኤኒቲንግ። ሃርቱ ለምን ስሎው እንዳደረገ አልገባቸውም። አንተ ታውቃለህ፣ ሁሉን የሚነግረው ላንተ ነው።»

ሙላው ዓይኗን አየ። በስድስት ዓመቷ ኤርፖርት ሄዶ የተቀበላት ልጅ ናት። እኔ እስከማውቀው ምንም የለም አላት።

ከዚያ ተቀመጠ። ሃምሳ ደቂቃ ተቀመጠ፤ ግድግዳው ላይ ሰዓት ነበርና እያንዳንዷን ቆጥሯታል። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያስበው። ቢናገር ከነገ ጀምሮ ማንም አይደውልለትም፤ ሙላው ወዳጁን መርዝ አጠጣው ይባላል፣ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ሰው ይጠቋቆምበታል። ባይናገር አለማየሁ ይሞታል። ይኼን ሁለቱን ሚዛን ላይ አስቀምጦ ሃምሳ ደቂቃ የወሰደበት ሰው ክፉ ሰው ነው ትሉኝ ይሆናል። ክፉ አይደለም። ያለችው ያቺ ስም ብቻ ስለሆነች ነው። እኔ ግን አሁንም ድረስ ሳስበው እናደዳለሁ።

ሊዲያ ውሃ ልታመጣ ስትሄድ ተነሣና ነርሷ ጋ ሄደ። በተሰባበረ እንግሊዝኛው ሁሉን ነገራት፤ ሥሩን፣ ማንኪያውን፣ የተደፋውን ኪኒን። ስሙንም ሴትዮዋ እንዳለችው ብለድሩት አላት። ለልጅቷ እንዳትነግሪያት ብሎ ለመናት። ነርሷ ሐኪሙ ጋ እየሮጠች፣ ለልጅቷ መንገር ያለብህ አንተ ነህ ብላው ሄደች። ሐኪሞቹ ሌላ መድኃኒት ሰቀሉ። ሙላው ግን ሊዲያ ውሃውን ስታቀብለው ተቀብሎ ጠጣ እንጂ ምንም አልነገራትም። ይዳንልኝ እንጂ፣ ምንነቱን ማን ይጠይቃል እያለ ነበር።

በማግስቱ እሑድ ቀትር ላይ አለማየሁ ዓይኑን ገለጠ። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ግን ልቡ ወደ ቦታዋ ተመልሳለች። ሊዲያ እጁን ይዛ ታለቅሳለች። አለማየሁ ከሷ አልፎ ሙላውን አየና ፈገግ አለ። ሊዲያን፣ አባትሽን ያቆየው ይኼ ሰውዬ ነው አላት። ያንቺን ኪኒን ከተውኩ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል፣ የሱን መቅመቆ ነው የምጠጣው፣ የሱ መድኃኒት ክፉውን ባያጥብልኝ ኖሮ ትናንት እዚያው ሞቼ ነበር አላት። ሊዲያ ዞራ ሙላውን አየችው።

አለማየሁ አልጨረሰም። «ለብቻዬ አልበላሁትም እኮ» አለ ድምፁ እየደከመ። «ከትልቁ ጠርሙስ ግማሹን ለእትዬ ኪዳነምሕረት አካፍያታለሁ። እሷም ግፊት አለባት። ማክሰኞ ነው የጀመረችው። ሆዴን አላወሰኝ ብላ ደውላ ነበር፤ ሙላው እንዳለው እያጠበሽ ነው፣ እንዳታቋርጪ አልኳት።»

እትዬ ኪዳነምሕረት ማለት ያኔ ባንድ ፍራሽ ዘመናቸው በየሁለት ቀኑ ሽሮ በድስት ትልክላቸው የነበረች ሴት ናት። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። ቻምብሊ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ብቻዋን ትኖራለች።

ሙላው የአልጋውን ብረት ያዘ። «ሊዲያ» አለ። «መርዝ ነው። እኔ ነኝ ቆፍሬ የሰጠሁት። ትናንት ስትጠይቂኝ አውቅ ነበር።»

ሊዲያ ቦርሳዋን አነሣች፣ አድራሻዋን ታውቀዋለህ አይደል አለች፣ ወጣች። ሙላው ተከተላት። መኪናው ውስጥ እትዬ ኪዳነምሕረት ጋ አሥር ጊዜ ደወለ፤ አይነሣም። ሊዲያ አምቡላንስ ጠራችና አድራሻውን ከሱ አፍ እየተቀበለች ነገረቻቸው። ቻምብሊ እስኪደርሱ ሙላው ለእትዬ ምን ብሎ እንደሚነግራት ያዘጋጅ ነበር። ሐኪሞቹ አይስማማም አሉ ማለት ይቻላል። ጊዜው አልፎበታል ማለት ይቻላል። መቼስ አሮጊት ማስደንገጥ አይገባም እያለ ነው የሚያስበው፤ እዚህ ደርሶም መላ ይፈልጋል፣ አይ ሙላው።

ብዙ አንኳኩተው በሩ ተከፈተ። እትዬ ኪዳነምሕረት ነጠላዋን ሆዷ ላይ አስራ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ከኋላዋ ባልዲ አለ። ሙላውን ስታይ ግን ፊቷ በራ።

«ሙላዬ፣ እግዜር ይስጥህ» አለች። «ሲያጥበኝ አደረ።»

ሙላው ሐኪም ቤት እንሂድ አላት። አልሄድም አለች። እዚያ የገባ መች ይወጣል፣ ደግሞ የጀመርኩትን ሳልጨርስ አለች። ሐኪሞቹ አይስማማም ብለዋል አላት። እሷ እጇን አወናጨፈች። ሐኪሞቹን ምን አውቃቸዋለሁ፣ እኔ የማምነው አንተን ነው፣ አንተ ሂጂ ካልክ እሄዳለሁ፣ ግን ምክንያቱን ንገረኝ አለች። ግድግዳውን ታካ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ከውጭ የአምቡላንስ ድምፅ እየቀረበ ነው። ሊዲያ ሙላውን ታየዋለች፤ ልትናገርለት አልቃጣችም።

«መቅመቆ አይደለም፣ እትዬ» አለ። «መርዝ ነው። ሳላውቅ አውቃለሁ ብዬ ነው ያጠጣኋችሁ። አለማየሁ ሊሞት ነበር። እባክዎ ይነሡ።»

ሙላው ሊደግፋት ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋ። አሮጊቷ እጁን አየችው፤ አልፋውም ሊዲያን ያዘችና ተነሣች።